የጠርሙሱ ፈሳሽና የባሕር ዓሣው ባዜቃ

ከሰውነት የተቆረጠን ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ መንከር የሙያችን ልማድ ነው። እኔም በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዘመን፣ ለመርዝ ምርመራ የሚላክን የጉበት ቁራጭ በዚሁ ልማድ ፎርማሊን ጨምሬበት ናሙናው ተመልሶልኛል። ለማይክሮስኮፕ እንጂ ለኬሚስት አላዘጋጀሁትም ነበር። የሳይንስ ሊቃውንትም በዚሁ ጉዳይ በባሕር ዓሦች ላይ ተከራክረዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በጃፓን ሚናማታ በ1956 በይፋ የታወቀው የነርቭ በሽታ መንስኤ ከፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ዓሣ የገባው ሜቲል ሜርኩሪ መሆኑ ተረጋግጧል። በ1970 መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ በታሸገ ቱና ውስጥ በዚያን ጊዜ ከተወሰነው መጠን፣ ማለትም በኪሎግራም 0.5 ሚሊግራም፣ የበለጠ ሜርኩሪ ተገኘ። ይህ ባዜቃ የፋብሪካዎች ውጤት ነው ወይስ ከጥንትም በባሕሩ ውስጥ የነበረ? መልሱ የጥንት ዓሣ ይጠይቃል፤ የጥንት ዓሣ ደግሞ የሚገኘው በሙዚየም ነው። በ1972 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ62 እስከ 93 ዓመት በፊት የተጠመዱ 7 ቱናዎችን መርምሮ፣ የሜርኩሪ መጠናቸው በቅርቡ ከተጠመዱት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ገለጸ። ነገሩን ለማቃለል ለሚሻ ሰው ይህ የምሥራች ነበር።

ይሁን እንጂ ዓሦቹ የኖሩበትስ ፈሳሽ? ፈርዲናንድ ብሉም የፎርማሊንን ጥቅም የገለጸው በ1893 ነው፤ ከዚያ በፊት የተለመደው አልኮል ነበር። አልኮል ውሃንና ስብን ከሥጋው ይስባል። ሜቲል ሜርኩሪ ግን ከፕሮቲን ሰልፈር ጋር ስለሚጣበቅ በአብዛኛው ይቀራል፤ ስለዚህ መጠኑ ሳይጨምር በግራም ሲሰላ የበዛ ይመስላል። በስብ የሚሟሙት እንደ ዲዲቲ ያሉት በተቃራኒው ወደ ፈሳሹ ይወጣሉ። ፎርማሊንም ሲቆይ አሲድ እየሆነ የአጥንትን ካልሲየም ያሟሟል። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ የሜርኩሪ ክሎራይድ ራሱ ለሥጋ ማቆያነትና ስብስቦችን ከተባይ ለመጠበቅ ያገለግል ነበር! በ1974 ጊብስ፣ ጃሮሴዊችና ዊንዶም የማቆያ ፈሳሽና የጊዜ ርዝመት በሙዚየም ዓሦች የብረት መጠን ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ በዚያው መጽሔት አቀረቡ።

በእኔ አስተያየት የ1972ቱ ጥናት ውሸት አልነበረም፤ 7 ዓሦች ከሚሸከሙት በላይ ግን ተጫነባቸው። በ2014 ኔቸር ላይ የታተመ የውቅያኖስ ውሃ ጥናት፣ በላይኛው የባሕር ክፍል ያለው ሜርኩሪ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 3 እጥፍ ያህል መድረሱን ገምቷል።

በሚናማታ የሐኪሙ ማሳዙሚ ሐራዳ ማስረጃ ከሌላ ቦታ መጣ። የጃፓን እናቶች የልጃቸውን እትብት አድርቀው በትንሽ ሣጥን ያኖራሉ። ሐራዳና ኒሺጋኪ እነዚህን እትብቶች አሰባስበው በውስጣቸው ያለውን ሜቲል ሜርኩሪ ለኩ፤ ውጤቱም በ1975 ታተመ። እትብቶቹ ፎርማሊንም ሆነ አልኮል አልነካቸውም።