ሲድሌይና ናኬ፤ በዐጤ ምኒልክ ዘመን ስለ መጡት ሁለት አውቶሞቢሎች

ከሁለት አውቶሞቢሎች ማናቸው ይበልጣል የሚለው ክርክር በመገናኛ አካባቢ ሳይሰማ የሚመሽበት ቀን የለም። ከኮተቤ፣ ከሲ ኤም ሲ፣ ከቦሌና ከሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚመጡት መንገዶች በዚያ ስለሚገጥሙ፣ በከተማችን የሚሽከረከረው ሁሉ ተራ በተራ ያልፋል፤ የታክሲ ሰልፍ የያዘውም ሰው የሚያልፈውን እያየ መፍረዱ አይቀርም። ወጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በሥዕል ብቻ ስለሚያውቋቸው ስለ ፖርሼና ስለ ፌራሪ ይከራከራሉ፤ ጐልማሶቹ ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ እያነሡ ያበርዷቸዋል። የክርክሩን ሙቀት ብንወደውም እኛ ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጥያቄው በአገራችን ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣበት ዘመንና በዚያን ጊዜ ለፍርድ የቀረቡት የሁለቱ አውቶሞቢሎች ታሪክ ነው።

ዘመኑ 1900 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ዳግማዊ ዐጤ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የመንግሥት ሥራ በየክፍሉ ተለይቶ በኀላፊ እጅ እንዲመራ የተደረገው ያን ጊዜ ስለ ሆነ፣ እንደ እኛ በሚኒስቴር ጥላ ሥር ለሚያድር ሰው ዓመቱ ልዩ ክብር አለው። በዚሁ ዓመት ውስጥ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን አውቶሞቢል ይዘው፣ አንዱ የሌላውን እግር ተከትሎ አዲስ አበባ ገቡ። ፊተኛው ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን ያመጣው አውቶሞቢል ሲድሌይ ነው። ኋለኛው አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ የእርሱም አውቶሞቢል ናኬ ይባላል። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነበረ፤ አውቶሞቢላቸውን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ማቅረብ።

አንባቢ፣ «አንድ መኪና ለማሳየት ይህን ያህል ድካም ለምን?» ይል ይሆናል። ለዚህ የዘመኑን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የአውቶሞቢል ስም የሚገነባው በተስተካከለ የመወዳደሪያ ሜዳ ላይ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ በሌለበት አገር ገብቶ በመውጣትም ነበረ እንጂ። በሰኔ 1899 አምስት አውቶሞቢሎች ከፔኪንግ ተነሥተው ወደ ፓሪስ ሲገሠግሡ፣ የኢጣልያው መስፍን ቦርጌዜ ኢታላ በሚባል አውቶሞቢል በሁለት ወር ቀድሞ ገባ። በ1900 ደግሞ ስድስት አውቶሞቢሎች ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ ተወዳደሩ። የጀርመኑ ፕሮቶስ ቀድሞ ቢደርስም ከመንገዱ ከፊሉን በባቡር ተጭኖ በማለፉ ቅጣት ተቈጠረበትና ድሉ ለአሜሪካው ቶማስ ሆነ። በነሐሴ 1899 ፓውል ግሬትስ የሚባል ጀርመናዊ መኰንን ከዳሬሰላም ተነሥቶ አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በአውቶሞቢል ለማቋረጥ ጀምሮ ነበረ፤ ጉዞው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፈጅቶበታል። ዛሬ ለስፖርት አውቶሞቢል የሚሰጠው ዝና በዚያን ዘመን ይሰጥ የነበረው እንግዲህ እንዲህ ላሉት ነው። አዲስ አበባም፣ ከባሕር ርቃና በተራራ ታጥራ ስለምትገኝ፣ እንዲህ ያለ ዝና ለሚፈልግ ሰው የተመቸች ግብ ነበረች። ይልቁንም በግቧ ላይ የዐድዋው ንጉሠ ነገሥት ተቀምጠው ነበረ።

ስለ ፋብሪካዎቹ ጥቂት እንበል። ሲድሌይ የሰው ስም ነው። ጆን ሲድሌይ በበርሚንግሃም የሚገኘውን የዎልስሌይን አውቶሞቢል ፋብሪካ ያስተዳድር ነበረ። የፋብሪካው ባለቤት ደግሞ መድፍና የጦር መርከብ በመሥራት ዓለም የሚያውቀው የቪከርስ ኩባንያ ነው። ናኬም የሰው ስም ነው፤ ኤሚል ናኬ በሳክሶኒ፣ በኮስቪግ ከተማ፣ በዚያ አገር አውቶሞቢል በመሥራት ፈር ከቀደዱት አንዱ ነበረ። ስለዚህ ፉክክሩ በእኩዮች መካከል ነበረ ለማለት አይቻልም፤ አንደኛው የታላቅ ኩባንያ ልጅ ሲሆን ሁለተኛው የአንድ መሐንዲስ ቤት ሥራ ነው።

ነገር ግን ከፋብሪካዎቹ በስተኋላ መንግሥታቱ ቆመዋል። በየካቲት 1897 የጀርመን መልእክተኛ ፍሪድሪክ ሮዘን አዲስ አበባ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1899፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን የየጥቅማቸው ክልል አድርገው የሚያዩበትን ውል በሎንዶን ፈረሙ። ጀርመን በዚያ ውል ውስጥ አልነበረችም። ምኒልክም ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቁ ነበረ። በዚህ ዐይን ስናየው፣ ከውሉ በኋላ ባለው ዓመት አንድ የእንግሊዝ አውቶሞቢልና አንድ የጀርመን አውቶሞቢል ተከታትለው ቤተ መንግሥት ሲቀርቡ፣ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የሞተርና የጐማ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከመገናኛ ወደ እንጦጦ ግርጌ ዘወር ያለ ሰው ይህን ፉክክር ዛሬም በመሬት ላይ ተጽፎ ያገኘዋል፤ በየካ ክፍለ ከተማ የእንግሊዝም የጀርመንም ኤምባሲዎች ምኒልክ በሰጧቸው ሰፋፊ ቦታዎች ላይ፣ በባሕር ዛፍ ተከበው፣ ብዙም ሳይራራቁ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ዓመታት ያህል ቆሞ ነበረ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ካለው 784 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሐዲዱ የሸፈነው 310 ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው አገር የግመልና የበቅሎ አገር ነበረ፤ እሾሁ ጐማ ይበሳል፣ ድንጋዩ ምንጣፉን ይሰብራል፣ ወንዙ ድልድይ የለውም። ቤንዚንም በአገር ውስጥ ስለማይገኝ ከባሕር ማዶ በቈርቈሮ ታሽጎ፣ ከሐዲዱ መጨረሻ በኋላ በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ መምጣት ነበረበት። የሞተር ኀይል የሚመካው በእንስሳ ኀይል ላይ ነበረ ማለት ነው።

በመዲናይቱ ዙሪያ ግን መንገድ ፈጽሞ አልነበረም ለማለት አይደለም። ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ቀደም ብሎ ተሠርቶ ነበረ። ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባለው አርመናዊ ያስመጣውን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ከባድ መኪናም ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰይሞት ነበረ። እንግዲህ በሐቅ ከተነጋገርን፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለ ፈረስና ያለ በሬ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሲድሌይም ናኬም አይደለም፤ ይህ አዝጋሚ የብረት ዝሆን ነው። ስለ ፍጥነቱ ማንም አልተከራከረለትም፤ ለሥራ ግን ከሁለቱ ይልቅ የጠቀመው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ የሚጠብቃቸው ሌላው ዳኛ ከፍታው ነበረ። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎችም ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጉታልና ሰፋ አድርገን ብንናገር አንባቢ አይቀየመንም። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ቤንዚኑ የሚነድደው በሚስበው አየር ልክ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ከሲድሌይ ሥራዎች መካከል ባለ 18 የፈረስ ጉልበት አንዱ ነበረና እርሱን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በእንግሊዝ አገር 18 የሚባለው ጉልበት በአዲስ አበባ ወደ 14 ይወርዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ከ13 ብዙም አይተርፍም። ውኃውም በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ዳገት የያዘ ሞተር ቶሎ ይንተከተካል። ዐራት ፈረስ ተፈትቶ እንደ ተወሰደበት ሠረገላ ማለት ነው፤ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

ከዳገቱ ይልቅ ግን እኛን የሚያሳስበን ቁልቁለቱ ነው። በዚያን ዘመን የአውቶሞቢል ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጐማዎችን ወይም ወደ እነርሱ የሚሄደውን ዘንግ ብቻ ነበረ፤ በፊት ጐማ ላይ ፍሬን ማድረግ የተለመደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ከተማ የሚወርደውን አቀበት በክረምት ጭቃ፣ በእንዲህ ያለ ፍሬን መውረድ ምን እንደሚመስል ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ሞተሩ የደከመ አውቶሞቢል ዳገት ላይ ይቆማል፤ ፍሬኑ የደከመ ግን አይቆምም። ታዲያ ስለ አውቶሞቢል የሚጻፈው ውዳሴ ዛሬም ቢሆን የሚጀምረው ከሞተሩ መሆኑ ያስገርመናል።

ለነገሩ በከፍታችን ላይ ያለው ይህ የአየር ዕዳ ዛሬ መልኩ እየተለወጠ ነው። በጥር 2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በእንጦጦ ራስ ላይ እንደ በርሚንግሃሙ ሞተር ጉልበቱን አያጣም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ጐማውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ቤንትሊና ሆልትስ ይህን ቢያዩ አንዱ በሌላው ላይ የሚያቀርበውን ነቀፋ ትተው አብረው በተደነቁ ነበር።

ምኒልክ ታዲያ የትኛውን መረጡ? አንዱን አንሥተው ሁለተኛውን አልጣሉም። በቤንትሊ አውቶሞቢል ተቀምጠው ሄዱ፤ ናኬም ከእጃቸው ገባ። ይህን የብልኅነት ሥራ ነው ብለን እናምናለን፤ በሌላውም ነገር ልማዳቸው ይኸው ነበረና። ለምድር ባቡሩ በ1886 ፈቃድ የሰጡት ለስዊሱ ለኢልግና ለፈረንሳዊው ለሼፍኔ ሲሆን፣ በ1898 የተከፈተውን ባንክ የመሠረተው እንግሊዞች ከሚመሩት ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋራ ተዋውለው ነው። ወደ አሥመራ የሚሄደውን የቴሌግራፍ መሥመር ኢጣልያኖች ሠሩት። ለአንዱ ሁሉን የሰጠ፣ ለዚያው ይገዛል የሚል ሥጋት እንደ ነበራቸው ግልጽ ነው። በ1899 የተፈረመው የሦስቱ መንግሥታት ውልም ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል። በዚያ ዓመት የእንግሊዙን ብቻ ተቀብሎ የጀርመኑን መመለስ፣ ወይም የጀርመኑን አሞግሶ የእንግሊዙን ማሳፈር፣ ከአውቶሞቢሎቹ ዋጋ የበለጠ ዋጋ በኖረው ነበር።

ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ጠባይ የምናውቅ ሰዎች፣ የዚህ ብልኅነት ዋጋ ከጋራዥ በር እንደሚጠየቅ ሳንናገር አናልፍም። ሁለት ዓይነት አውቶሞቢል ሁለት ዓይነት ብሎን፣ ሁለት ዓይነት ጐማ፣ ሁለት ዓይነት ዐዋቂ ይሻል። የአንዱ ዕቃ ቢሰበር መለዋወጫው ከበርሚንግሃም፣ የሌላው ከኮስቪግ በመርከብ፣ በባቡርና በበቅሎ መምጣት አለበት። በመልእክተኞች አዳራሽ ትክክል የነበረው ውሳኔ በመካኒኩ ዘንድ ራስ ምታት መሆኑ አይቀርም። እኛ በዚያን ጊዜ ብንጠየቅ ኖሮ፣ የፈረስ ጉልበቱን ብዛት ትተን፣ ቀለል ያለውን፣ ፍሬኑ የሚታመነውን፣ ባለቤቱም ተመልሶ ሲሄድ የአገሩን ልጅ አስተምሮ ዕቃ የሚያስቀምጥለትን እንመርጥ ነበር። አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ በ1901 መጀመሪያ ላይ ሞዴል ቲ የተባለውን ቀላልና ለጥገና የማያስቸግር አውቶሞቢል ሲያወጣ ዓለም የፈረደው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ሲድሌይና ናኬ የሚል ስም ይዞ ዛሬ የሚሠራ አውቶሞቢል ግን የለም።

ሁለቱ መንገደኞች በመንገድ ብቻ ሳይሆን በመጽሐፍም ተፎካክረዋል። የሆልትስ መጽሐፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908 በጀርመንኛ ወጣ፤ የቤንትሊን ጉዞ ደግሞ ክሊፎርድ ሃሌ የሚባል ጸሐፊ በ1913 በእንግሊዝኛ አሳተመው። የሁለቱ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃል በቃል አንድ ለመሆን ምንም አይቀረው፤ ሁለቱም «በአውቶሞቢል ወደ ምኒልክ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጽፉትም ማን ቀደመ በሚለው ላይ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። መቅደሙ የእንግሊዙ ነው፤ ነገር ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትንሹ ይህ ይመስለናል። ከፔኪንግ የተነሣው ኢታላ እንኳ በቻይና ተራሮች ላይ የወጣው በገመድ እየተሳበ በሰው ጉልበት ነበረ። ከድሬዳዋ ወዲህ ባለው ድልድይ አልባ አገር አውቶሞቢል ከወንዝ የሚያወጣው፣ ድንጋይ የሚያነሣለት፣ ቈርቈሮውን የሚጭንለት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የኦሮሞና የአማራ ሰው ነው። በሁለቱ መጻሕፍት ልባስ ላይ አውቶሞቢሉና ንጉሠ ነገሥቱ ስማቸው አለ፤ የዚያን ሰው ስም የያዘ ልባስ እስከ ዛሬ አልታተመም።