የክረምት ዕረፍት በጁገል፤ ከኮልፌ እስከ ሐረር



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በኮልፌ ቀራንዮ የክረምት ነገር የታወቀ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ጠዋት መድረሳ ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ከቴሌቪዥንና ከእጅ ስልክ አይነሱም። ወላጆችም ከአጠና ተራ እስከ ቤተል «እነዚህን ልጆች ወዴት እንውሰዳቸው?» ሲሉ እንሰማለን። አቅም ያለው ዱባይን ያስባል፤ ሌላው ዘመድ ጋ ገጠር ይልካል። እኛ በዛሬው ዝግጅታችን ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቃ የምትገኘውን፣ አየሯ የሚስማማውን፣ ቡናና ብርቱካን የሚበቅልባትን ሐረርን ልንጠቁማችሁ ወደድን። ይህን የምንለው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ብዙ የኮልፌ ቤተሰብ ሐረር ላይ የሚያገኘው የራሱ ታሪክ ስላለ ነው።

ሐረር የደረሰ እንግዳ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው በእግር መሄድ ነው። ጁገል የተባለው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሚር ኑር ቢን ሙጃሂድ ዘመን ከተማይቱን ከጥቃት ለመጠበቅ የተሠራ ሲሆን፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ አሱም በሪ፣ አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁታት በሪና አርጎ በሪ። ዛሬ ብዙ ሰው ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር ብሎ ያውቃቸዋል። ልጆቻችሁን በአንዱ በር አስገብታችሁ በሌላው አውጧቸው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ፣ ከእነዚህም ሦስቱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረቱ የዩኔስኮ መዝገብ ያስረዳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በአንድ ጠባብ መንገድ እየሄዱ ዙህርን በአንዱ መስጊድ፣ ዐስርን በሌላው መስገድ ለልጅ ከብዙ ንግግር የበለጠ ትምህርት ነው።

ከዚያም ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ ሲወርዱ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ያገኛሉ። ስሙ የመጣው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት ይቻላል። ደከም ሲላችሁም ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ቅመሱ።

የታሪክ ፍላጎት ያላቸው ወጣቶች ይህች ከተማ ምን እንዳየች ይጠይቁ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጥቶ ለአሥር ቀናት ያህል ቆይቷል። ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ገዝተዋታል። ከእነርሱ በኋላ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ነገሡ፤ በ1887 ዓ.ል. መባቻ ላይ በጨለንቆ በተደረገው ጦርነት የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ድል አድርጎ ከተማይቱ በእርሳቸው ግዛት ሥር ገባች። በአስፋልቱ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሐረር ከመድረሱ በፊት ጨለንቆን ያልፋታል። መኪናውን አቁሞ «እዚህ ቦታ ብዙ ሰው አልቋል» ብሎ ለልጁ የሚነግር አባት ስንት ነው?

በጁገል ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ለዓመታት ያሰባሰቧቸው በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች፣ በከተማይቱ የተመቱ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና አልባሳት ይታያሉ። እኚህ ሰው የተጎዱ መጻሕፍትን የመጠገንና የመጠረዝ ጥበብንም ሕይወት ዘርተውበታል። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ እንደነበርም እዚያ መረዳት ይቻላል።

ውድ አድማጮች፣ አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። አንድ ጊዜ ወደ ሐረር ስንጓዝ አንዲት የኮልፌ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር አብረውን ነበሩ። እኚህ እናት ትውልዳቸው ስልጤ ነው። አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። ግድግዳው በሰሃንና በስፌት አጊጧል፤ ነደባ የሚባሉት መደቦች በቀይ አፈር ተለቅልቀዋል። ቤቱን የሚያስጎበኙን እመቤት መደቦቹ የክብር ቅደም ተከተል እንዳላቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ነገሩን። ቤቱንም «ጌ ጋር» ብለው ሲጠሩት እኚያ እናት ፈገግ አሉ። «እኛም እኮ ቤትን ጋር ነው የምንለው!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እናቶች ቃል በቃል እያነሱ ሲያመሳስሉ ቆዩ። ልጁ ተገርሞ «እማማ፣ የሐረርን ቋንቋ የት ተማሩት?» ሲል ጠየቀ። «እኔ የተማርኩት እናቴ ቤት ነው፤ ያልተማርከው አንተ ነህ» አሉት። ሁላችንም ዝም አልን።

ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ መመሳሰል አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪዎች ሐረሪን፣ ስልጢኛን፣ ወለኒኛንና የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችን ዛይኛ በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ዛሬ በመካከላቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አለ፤ ቋንቋዎቹ ግን እህትማማች ሆነው ቀርተዋል። የስልጤ ሽማግሌዎችም የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ከሐረር መጡ የሚሏቸውን ሐጂ አልዬን ይጠራሉ። ስለዚህ ከኮልፌ ተነሥቶ ሐረር የሚገባ የስልጤ ልጅ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ኦሮምኛ የሚናገር ቤተሰብም ቋንቋው ከሐረሪ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ መሆኑን ያያል።

ታዲያ ያሳሰበን ነገር አለ። በኮልፌ ቤቶቻችን አያት በስልጢኛ ይናገራል፣ እናት ትሰማለች፣ ልጅ ግን በአማርኛ ይመልሳል። አማርኛ ማወቁ ጥሩ ነው። ሆኖም አያቶቻችን ወደ አኺራ ሲሄዱ ያ የጋራ ቃል አብሮ ከተቀበረ፣ ልጆቻችን ነገ ጁገል ቢገቡ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ እንጂ ዘመድ ቤት እንደገቡ አይሰማቸውም።

ስለዚህ ምክራችን ቀላል ነው። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ልጁ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ሃያ ቃላት በደብተሩ ይጻፍ፤ ቤት፣ ውሃ፣ እሳት፣ እንጀራ፣ ጨረቃ፣ እጅ፣ እያለ። ሐረር ሲደርስ ከመጋላው ነጋዴ እናቶች ጋር ያመሳክራቸው። ከቻላችሁ ደግሞ ጉዞውን ከሸዋል ዒድ ጋር አገናኙት። ይህ ከረመዳን በኋላ የስድስቱ የሸዋል ጾም ሲፈጸም የሚከበር የሐረሪዎች በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ምሽት ላይም ከግንቡ ውጭ ጅቦች ሲመገቡ ማየት ልጆችን ያስደስታል። በዐሹራ ቀን ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ የቆየ ልማድ እንዳለም ንገሯቸው። የሰው ቤት ስትገቡ ግን አስፈቅዱ፤ ጁገል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናትና።

የመጓጓዣው ወጪ ዘንድሮ የማይቻል ከሆነም አትዘኑ። ደብተሩና አያቲቱ ኮልፌ ውስጥ ናቸው። ሐረር ለሚመጣው ክረምት ትጠብቃለች፤ አያቶቻችን ግን እስከዚያ ይጠብቁን እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።