የመንደር ስም ምን ይነግረናል?

የዛሬው ርእሳችን የሩስያ ገጠር መንደሮች ስያሜ ነው።

ሩስያውያን ገበሬዎች መንደራቸውን ሲሰይሙ በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ይመለከቱ ነበር። አንደኛው ተፈጥሮ ነው፤ «ቤሪዮዞቭካ» ስሙን ያገኘው «ቤሪዮዛ» ከተሰኘው ነጭ ልጥ ካለው ዛፍ ነው። ሁለተኛው ሰው ነው፤ «ኢቫኖቭካ» የኢቫን ማለት ሲሆን፣ ኢቫን የመንደሩ መሥራች ወይም ባለርስት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ «ትሮይትስኮዬ» የሥላሴ ማለት ነው። በቀድሞው አጠራርም ቤተ ክርስቲያን ያለው መንደር «ሴሎ»፣ የሌለው «ዴሬቭኒያ» ይባል ነበር።

ወደ ቮልጋ ወንዝና ወደ ኡራል ስንዘልቅ ግን የስሞቹ ቋንቋ ይለወጣል። በዚያ የሚኖሩት ታታሮችና ባሽኪሮች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። በቋንቋቸው «ኩል» ሐይቅ፣ «ካራ» ጥቁር፣ «ይልጋ» ወንዝ ነው፤ ስለዚህ «ካራ-ይልጋ» ጥቁር ወንዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1552 ካዛን በኢቫን አራተኛ ጦር ብትያዝም፣ ብዙዎቹ የመንደር ስሞች ከመንግሥቱ ይልቅ ዕድሜ አግኝተዋል።

በክሪሚያ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1944 የሶቪየት መንግሥት የክሪሚያ ታታሮችን «ከጀርመን ጋር ተባብራችኋል» በሚል በጅምላ ከቤታቸው አስወጥቶ በባቡር ማጋዝ ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ180,000 በላይ ሰዎች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ሳይቀሩ፣ አብዛኞቹ ወደ ኡዝቤኪስታን ተወሰዱ። በመንገድና በስደት ብዙ ሺዎች አለቁ።

ሰዎቹ ከተጋዙ በኋላ ተራው የስሞቹ ሆነ። እስከ 1948 ድረስ ከ1,000 በላይ መንደሮች በአዋጅ አዲስ ስም ተሰጣቸው። «የጥቁር ውሃ ገበያ» ማለት የሆነችው የካራሱባዛር ከተማ «ቤሎጎርስክ»፣ ማለትም የነጭ ተራራ ከተማ፣ ተባለች። ኩርማን-ኬሜልቺ ደግሞ በቀይ ዘብ ስም «ክራስኖግቫርዴይስኮዬ» ተሰኘ። ተፈናቃዩ ተመልሶ «መንደሬ ይህ ነው» ቢል እንኳ በካርታው ላይ አያገኘውም።

ይሁን እንጂ በስደት የነበሩ አዛውንቶች የድሮውን ስም ለልጆቻቸው መንገራቸውን አላቆሙም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት መመለስ ሲጀምሩ፣ ክሪሚያን አይቶ የማያውቀው ትውልድ ሳይቀር የአያቶቹን መንደር በስሙ ጠርቶ ጠየቀ። አዋጁ ያወጣቸው ስሞች አብዛኞቹ ዛሬም በካርታ ላይ አሉ፤ የጥንቶቹ ግን በሰው አንደበት ኖረዋል።

ውድ አድማጮች፣ ካርታን የሚሥለው ባለ ሥልጣን ነው፤ ስምን የሚያቆየው ግን ቤተሰብ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ የአያቶቻቸውን መንደር ስም ከነትርጉሙ ንገሯቸው።