ሳያኝክ የገዘፈ፦ የተንዳጉሩ ባለረጅም አንገት ዳይኖሰር

በደቡብ ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ ከሊንዲ ወደብ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። ከበርሊን የተላከ ቡድን በቬርነር ያኔንሽና በኤድቪን ሄኒግ መሪነት ከ1909 እስከ 1913 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ቆፍሯል። ጉልበቱንና የእጅ ሙያውን ያዋጡት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነርሱም ቦሄቲ ቢን አምራኒ በቁፋሮ ኃላፊነቱ ይታወቃል። ወደ 250 ቶን የሚገመት ቅሪተ አካል በተሸካሚዎች ራስና ትከሻ ወደቡ ደርሶ በመርከብ ተጫነ።

ከግኝቶቹ ጎልቶ የሚታወቀው፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ጊራፋታይታን ነው። ያኔንሽ በ1914 ከአሜሪካው ብራኪዮሳውረስ ወገን መድቦት ነበር፤ ማይክል ቴይለር በ2009 የሁለቱን አጥንቶች አነጻጽሮ ለየብቻ ሊመደቡ እንደሚገባ አሳየ። በርሊን ውስጥ በ1937 የቆመው አጽም ቁመቱ ከ13 ሜትር ይበልጣል። ከበርካታ እንስሳት አጥንት የተሟላ ስለሆነ ግን ክብደቱን ከእርሱ ተነሥቶ መገመት ጥንቃቄ ይሻል።

እንዲህ ያለ አካል በየብስ ላይ መቆም አይችልም ያሉ ምሁራን እንስሳው ሐይቅ ውስጥ ሰምጦ፣ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ይተነፍስ እንደነበር ገምተው ነበር። ኬኔት ከርማክ በ1951 ይህን ሐሳብ ተቃወመ፤ በዚያ ጥልቀት የውኃው ግፊት ደረቱን ስለሚጫነው ሳንባው አየር መሳብ አይችልም ነበር። ዓምድ መሰል እግሮቹም የሚመሰክሩት የየብስ ኑሮን ነው።

የአኗኗሩ ቁልፍ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ዝሆን ምግቡን የሚፈጨው በትልልቅ መንጋጋ ጥርሶች ነው፤ ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱም አጭር ነው። የጊራፋታይታን ጥርሶች ግን ቅጠል ለመቀንጠስ እንጂ ለመፍጨት አልተሠሩም። የቀነጠሰውን ሳያኝክ ይውጣል፤ የመፍጨቱ ሥራ ለሆዱና በውስጡ ላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይቀራል። በዚህ የተነሣ ጭንቅላቱ ቀላል ሆነ፤ ቀላል ጭንቅላትም ረጅም አንገትን ፈቀደ። የአንገቱ አከርካሪዎች የአየር ክፍተት ስለነበራቸው ሸክሙ ይበልጥ ቀለለ። ከኋላ እግሮቹ የሚረዝሙት የፊት እግሮቹ ደግሞ ትከሻውን ከፍ አድርገው ወደ ረጃጅም ዛፎች አቀረቡት። አንገቱን በምን ያህል ማዕዘን ያነሣ እንደነበር እስካሁን ያከራክራል፤ ያም ሆኖ ግዙፉን ገላ ብዙ ሳያንቀሳቅስ ሰፊ ቦታ መመገብ መቻሉ ጉልበት ቆጥቦለታል።

ጥርሱ ስለ ገላው ሙቀትም ይናገራል። ተንዳጉሩን ጨምሮ ከተለያዩ ቦታዎች በተገኙ የባለረጅም አንገት ዳይኖሰሮች ጥርሶች ላይ በ2011 የታተመ ኬሚካዊ ምርመራ፣ የእነዚህን እንስሳት ሙቀት ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገምቶታል። ይህ ከዛሬዎቹ አጥቢዎች ጋር ይቀራረባል። ሙቀቱን ራሳቸው ያመነጩት ይሁን ወይስ የገላቸው ግዝፈት ያቆየላቸው፣ ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። የአጽሙ ክፍሎች አንድ ላይ ሲነበቡ ግን፣ ግዝፈቱ የተመሠረተው ጭንቅላቱ ባልተሸከመው የማኘክ ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያሉ።