መስኮት የተከፈተበት ፊት፦ የናፖሊ እግር ኳስ ክለብ ታሪክ በአንድ የኔፕልስ ግድግዳ ላይ

(ለትምህርት ክፍሉ መምህራን፣ ተማሪዎችና ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ርእስ ባስታወቅሁ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለኳስ ተጫዋች ሥዕል የታሪክ ትምህርት ክፍል አዳራሹን ይከፍታልን?» ሲል በፈገግታ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከደስታና ከስሜት የተነሣ በግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል፣ እንደ ብራና ጽሑፍ ወይም እንደ መንግሥት ደብዳቤ ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ሊሆን ይችላልን? ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የሚመሰክረው በላዩ ስለተሣለው ነገር ብቻ አይደለም። ይልቁንም ስለ ሠሩት፣ ስለ ተዉትና መልሰው ስላደሱት ሰዎች የሚሰጠው ምስክርነት ይበልጣል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ከፊታችሁ ያሉትን ሁለት ፎቶግራፎች ተመልከቱ። ሁለቱም የአንድ ግድግዳ ምስሎች ናቸው። ቦታው በደቡብ ጣሊያን፣ በኔፕልስ ከተማ፣ «የስፓኛውያን ሠፈሮች» በሚባለው ጠባብ መንደር ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ ሰው ከፎቁ ግድግዳ ላይ ገዝፎ ይታያል፤ ዲየጎ አርማንዶ ማራዶና ነው። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ሰውነቱ እንዳለ ሆኖ ፊቱ የለም። በፊቱ ቦታ የተከፈተ መስኮት አለ። መስኮቱ የመኖሪያ ቤት መስኮት ነው፤ ፊቱ የተሣለው በመዝጊያው ላይ በመሆኑ፣ መዝጊያው ሲዘጋ ፊቱ ይመለሳል፤ ሲከፈት ደግሞ ይሰወራል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የክለቡን ታሪክ ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ጣሊያኖች ከተማዋንም ክለቡንም ናፖሊ ይላሉ፤ እኔ ግን እንዳይምታታባችሁ ከተማዋን ኔፕልስ፣ ክለቡን ናፖሊ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ናፖሊ የተመሠረተው በ1926 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ ውርደት ነበር፤ ከ18 ጨዋታዎች ያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ክለቡ በዓርማው ላይ ፈረስ አኑሮ ነበርና፣ የከተማው ሰው «ይህስ ፈረስ ሳይሆን አህያ ነው» እያለ ተሳለቀበት። ነገር ግን ስድቡ እንደ ስድብ አልቀረም። ደጋፊዎቹ አህያይቱን ተቀብለው የክለቡ ምልክት አደረጓት፤ እስከ ዛሬም ምልክታቸው ናት። በእኛ ዘንድ አህያ መባል ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ለሚያውቅ ሰው፣ የተሰደበበትን ስም ወስዶ የክብር ስም ማድረግ ምን ያህል የልብ ስፋት እንደሚጠይቅ መናገር አያሻም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመታት አለፉ። የጣሊያን ሊግ ዋንጫ በአብዛኛው የሰሜኖቹ የኢንዱስትሪ ከተሞች፣ በተለይም የቱሪንና የሚላን ንብረት ሆኖ ቆየ። ደቡቡ የድህነትና የስደት ምድር ነበር። በሰሜን ስታዲየሞች የሚቀመጡ ደጋፊዎች፣ የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ኔፕልስን በእሳት እንዲያጥባት የሚመኝ ዘለፋ ያሰሙ ነበር። በኅዳር 1980 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ፤ በኔፕልስም ብዙ ቤተሰቦችን ያለ መጠለያ አስቀረ። ሐምሌ 5 ቀን 1984 ዓ.ም. ማራዶና ከባርሴሎና መጥቶ በሳን ፓውሎ ስታዲየም ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ የተቀበለው እንዲህ ያለው ከተማ ነው።

ውጤቱ ይታወቃል። ግንቦት 10 ቀን 1987 ዓ.ም. ናፖሊ ከፊዮረንቲና ጋር አንድ ለአንድ ተለያይቶ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አገኘ። ከዚያ በፊት የሳርዲኒያ ደሴቱ ካልያሪ በ1970 ዓ.ም. ዋንጫውን ወስዶ ነበር፤ ከደቡብ የየብስ ምድር ግን ናፖሊ የመጀመሪያው ነው። በ1989 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ፣ ይኸውም የኡኤፋ ካፕ፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የሊግ ዋንጫ ተከተለ።

ግድግዳው የተሣለው በዚሁ በ1990 ዓ.ም. ነው። ሠዓሊው ማርዮ ፊላርዲ የሚባል የሠፈሩ ወጣት ነበር፤ የሠፈሩም ሰዎች ረድተውታል። ያሣለው መንግሥት ወይም ክለቡ አልነበረም። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደስታው ግን አልቆየም። በ1991 ዓ.ም. ማራዶና ከአንድ ጨዋታ በኋላ በተደረገለት ምርመራ ኮኬይን ስለተገኘበት ለ15 ወራት ታገደና ከተማዋን ለቆ ሄደ። ክለቡ ቀስ በቀስ ደከመ። በ2004 ዓ.ም. ኪሳራ ታወጀበትና ከፈረሰ በኋላ በአዲስ ባለቤት ከሦስተኛው ዲቪዚዮን እንደገና ጀመረ። ሥዕሉም የክለቡን ዕጣ ተካፈለ። ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን አጠቡት። በዚያ ግድግዳ ጀርባ የሚኖር ሰው ብርሃንና አየር ፈልጎ መስኮት ሲከፍት፣ መስኮቱ ያረፈው በማራዶና ፊት ላይ ነበር።

ተማሪዎቼን አንዳንድ ጊዜ «ይህ መስኮት ምን ይነግረናል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎች «ንቀትን» ይላሉ። እኔ ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። በጠባብ ጎዳና፣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ለሚኖር ሰው መስኮት ቅንጦት አይደለም። መስኮቱ የሚነግረን በዚያ ዘመን ሥዕሉ ገና «ቅርስ» አለመባሉን ነው። ቅርስነት ከነገሩ ጋር አብሮ አይወለድም፤ ኋላ በሰዎች ውሳኔ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን መፈለግ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው።

በዚህ ግድግዳ ላይ ያ ቀን በ2016 ዓ.ም. መጣ። ሳልቫቶሬ ዮዲቼ የተባለ የሠፈሩ የእጅ ባለሙያ፣ ነዋሪዎች ባዋጡት ገንዘብ ሥዕሉን አደሰው። በቀጣዩ ዓመት ፍራንሲስኮ ቦሶሌቲ የተባለ አርጀንቲናዊ ሠዓሊ ፊቱን እንደ አዲስ ሣለው። መስኮቱ አልተደፈነም፤ ፊቱ በመዝጊያው ላይ ዐረፈ እንጂ። ማራዶና ኅዳር 25 ቀን 2020 ዓ.ም. ሲያርፍ ሕዝቡ ሻማና አበባ ይዞ የተሰበሰበው በዚህ ግድግዳ ሥር ነበር። በ2023 ዓ.ም. ናፖሊ ከ33 ዓመት በኋላ ሦስተኛውን፣ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ አራተኛውን የሊግ ዋንጫ ሲያገኝ፣ ደስታውን ለመግለጽ ሰው የጎረፈው ወደዚሁ ስፍራ ነው።

ሥዕልን በጋራ መጠበቅ በዚያ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን አባ ሮኮ የሚባሉ የዶሚኒካን መነኩሴ፣ ሌሊት በጨለማ የሚዋጡት የኔፕልስ ጎዳናዎች ብርሃን እንዲያገኙ አንድ ዘዴ አበጁ። በየማዕዘኑ ቅዱሳት ሥዕላት እንዲሰቀሉና በፊታቸው መብራት እንዲበራ ነዋሪዎችን አግባቡ። ተራ ፋኖስ የሚሰብር ወንበዴ በቅዱስ ሥዕል ፊት የሚበራውን ለመስበር ይፈራልና ዘዴው ሠራ። መብራቱን መጠበቅ የየመንገዱ ሰው ኃላፊነት ሆነ። የማራዶና ግድግዳ የዚህ ልማድ ወራሽ ይመስለኛል። ነዋሪዎቹ ኳስ ተጫዋቹን ከቅዱሳን ጋር አስተካክለዋል ማለቴ አይደለም፤ የጋራ የሆነን ሥዕል የመንከባከብ ልማዱን ግን ከአባቶቻቸው አግኝተውታል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፍቅር የሣለው ሥዕል የሚደብቀው ነገር አለ። ሁለቱ ዋንጫዎች የአንድ ሰው ሥራ አልነበሩም፤ አሠልጣኞቹ ኦታቪዮ ቢያንኪና አልቤርቶ ቢጎን፣ አጥቂው ካሬካ፣ የኔፕልስ ልጅ የሆነው ተከላካይ ቺሮ ፌራራ ነበሩበት። አንድ ነጥብ የተገኘበት የመጀመሪያው ዘመን፣ የ1991ዱ እገዳና የ2004ቱ ኪሳራ በዚህ ግድግዳ ላይ አልተሣሉም። የ2016ቱ እድሳትም ቢሆን የደበዘዘውን ቀለም ሲሸፍን የ20 ዓመታትን መረሳት አብሮ ሸፍኗል። ዛሬ ያን ዘመን የምናየው እነዚያ የድሮ ፎቶግራፎች ስላሉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እኛ የሚቀርብ አንድ ነገር ላንሣ። ናፖሊ የሚጫወትበት ስታዲየም የሚገኘው ፉኦሪግሮታ በተባለው የከተማዋ ክፍል ነው። ከስታዲየሙ አጠገብ፣ የፋሽስት መንግሥት የቅኝ ግዛቶቹን ክብር ለማሳየት ያሠራው ሰፊ የኤግዚቢሽን ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ ውስጥ በጎንደር የምናውቀው የፋሲለደስ መዋኛ ተመስሎ ተሠርቷል። አዎን፤ በየዓመቱ ጥምቀት የምናከብርበት የዚያ ስፍራ ቅጂ በኔፕልስ ቆሟል። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ግንቦት 9 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሰዎችም ጭምር ለተመልካች እንዲታዩ ቀርበውበት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሰኔ 10 ቀን፣ ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ገባች፤ ኤግዚቢሽኑም ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት በግንቦት ወር ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው በመንግሥት ሀብትና በሕንፃ ባለሙያዎች ዕቅድ ተሠራ፤ የሌላውን ሕዝብ ቅርስ ገልብጦ «የእኔ ነው» ለማለት። ያሠራው ሥርዓት ግን ከሥራው ዕድሜ በታች ኖረ። ሁለተኛው በአንድ ወጣት እጅ፣ በተራ ቀለም ተሠራ፤ «እኛም አለን» ለማለት። ቀለሙ ደበዘዘ፣ ፊቱ ተበሳ፤ የሚያድሰው ሰው ግን አላጣም። ከዚህ የምማረው የድንጋይ ጽናት የትዝታ ጽናት እንዳልሆነ ነው። ቅጂው ዛሬም ቆሟል፤ ሊነግረን የታሰበውን ታሪክ ግን አይነግረንም። ለእኛ የሚነግረን ሌላ ታሪክ ነው፤ እርሱንም ማንበብ የሚገባን እኛው ነን።

ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። አዳራሹ የተከፈተው ለኳስ ተጫዋች ሥዕል ሳይሆን ለሥዕሉ ጠባቂዎች ነው። በእኛም ከተሞች በክለብ ጽሕፈት ቤቶች፣ በሻይ ቤቶችና በፀጉር ቤቶች ግድግዳ ላይ የቡድኖች ፎቶግራፎችና ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሠፈሮቻችን በፍጥነት እየተለወጡ ናቸው፤ ግድግዳ ሲፈርስ ደግሞ በላዩ ያለው አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው፦ ከሠፈራችሁ አንድ ግድግዳ ምረጡ። ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደከፈለበት፣ ከሥሩ ምን እንደነበረ የሚያውቁትን አዛውንት ጠይቁ። ተቀዶ ወይም ተበስቶ ብታገኙት «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትለፉት። መስኮቱንም አብራችሁ መዝግቡ።