ጨለማውን ድርሰት ፍለጋ

አስፈሪ ልብ ወለድ የሚወድ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው መጽሐፍ አጥቶ አይደለም። የራስ ቅልና የደም ጠብታ በሽፋኑ ላይ የተሣለበት መጽሐፍ በየመደብሩ ሞልቷል። ከነዚህ የሚበዙት ግን አንባቢውን ለጥቂት ሰዓት አስደንግጠው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ጭራቁን ገድለውና መብራቱን አብርተው የሚያሰናብቱ ናቸው። መጽናኛ የማይሰጠውን፣ ከተዘጋም በኋላ ከአንባቢው ጋር የሚያድረውን ድርሰት ለይቶ ለማግኘት ሽፋንም ሆነ ማስታወቂያ አይረዳም። እንዲህ ያለው ድርሰት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይበልጥ የሚያስተምረው የአሜሪካዊው የሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላቭክራፍት በ1890 ፕሮቪደንስ በተባለች ከተማ ተወለደ። ድርሰቶቹ በብዛት የወጡት በ1923 በተመሠረተው «ዊርድ ቴልስ» በተባለ መጽሔት ላይ ነበር። መጽሔቱ የሚታተመው ቶሎ በሚበልዝና በሚፈረካከስ ርካሽ ወረቀት ላይ በመሆኑ፣ ተነቦ ከሚጣል ነገር ተለይቶ አይታይም ነበር። በላቭክራፍት ድርሰት ውስጥ በጸሎት ወይም በሰይፍ ድል የሚነሣ ሰይጣን የለም። ጠፈሩ ሰፊ ነው፤ ሰው መኖሩንም ልብ አይለውም። የፍርሃቱ ምንጭ ይህ ግዴለሽነት ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ፋርንስዎርዝ ራይት «የክቱሉ ጥሪ» የተባለውን ድርሰት መጀመሪያ መልሶበት፣ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ በ1928 አወጣው። «በእብደት ተራሮች» የተባለውን ረጅም ድርሰት ግን በ1931 ሳይቀበለው ቀረ። ድርሰቱ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ያወጣው ሌላ መጽሔት አንቀጾቹን ቆራርጦ ነበር ያቀረበው።

ላቭክራፍት ደራሲ ብቻ ሳይሆን መንገድ ጠቋሚም ነበር። ፖል ኩክ የተባለ ወዳጁ ለራሱ አነስተኛ መጽሔት ስለ አስፈሪ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ አንድ ጽሑፍ ቢጠይቀው፣ በ1925 መጨረሻ ላይ ሥራውን ጀመረ። ጽሑፉ በ1927 ታተመ። ከሆራስ ዋልፖል የ1764 ልብ ወለድ ተነሥቶ፣ ለኤድጋር አለን ፖ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ በዘመኑ ታላላቅ ወዳላቸው አራት ደራስያን ይደርሳል። እነዚህም አርተር ማከን፣ አልጀርነን ብላክውድ፣ ሎርድ ደንሴኒና ኤም. አር. ጄምስ ናቸው። ከአራቱ ጄምስ ለዚህ ሙያ የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የካምብሪጅ ኮሌጆችን የብራና መጻሕፍት መዝግቦ ካታሎግ ያዘጋጀ ሊቅ ሲሆን፣ የመናፍስት ተረቶቹን በገና ዋዜማ ለወዳጆቹ ያነብ ነበር። በተረቶቹም መከራ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መክፈት የማይገባውን ሰነድ በከፈተ ምሁር ላይ ነው። የላቭክራፍት ጽሑፍ በጥንቃቄ ከተመዘነ፣ ብያኔ የታከለበት የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንባቢ ብላክውድ በ1907 ያሳተመውን «አኻያዎቹ»ን ያገኘው በዚህ ዝርዝር ተመርቶ ነው።

ዝርዝሩ ግን ጉድለት ነበረው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሆፕ ሆጅሰን በ1908 «በድንበር ላይ ያለው ቤት»ን ጽፎ፣ በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅግ ውስጥ ተገድሏል። መጻሕፍቱም ከገበያ ጠፉ፤ ላቭክራፍትም ስለ እርሱ አንድ ቃል አልጻፈም። ይህን ጉድለት የሞላው ሄርማን ኮኒግ የተባለ የኒውዮርክ መጽሐፍ ሰብሳቢ ነው። ኮኒግ በእጁ ያሉትን የሆጅሰን ቅጂዎች ለላቭክራፍትና ለወዳጆቹ በፖስታ በተራ ያውሳቸው ነበር። ላቭክራፍት በ1934 አንብቦ ተደነቀ፤ ስለ ሆጅሰንም ጽፎ በቀድሞው ጽሑፉ ላይ ጨመረ። አንድ ሰው መጽሐፉን ቆልፎ ከማስቀመጥ ይልቅ ማዋስን ስለ መረጠ አንድ ደራሲ ከመረሳት ተረፈ ማለት ነው።

የላቭክራፍት የራሱ ዕጣ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በሕይወቱ ሳለ በመጽሐፍ መልክ የወጣለት በ1936 የታተመ፣ በማተሚያ ስሕተት የተሞላ አንድ ትንሽ ጥራዝ ብቻ ነው። በመጋቢት 1937 በካንሰር ሲሞት፣ ጽሑፎቹን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሮበርት ባርሎ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ወጣቱ ግን ብዙ ጎልማሳ የማያስበውን አሰበ፤ የእጅ ጽሑፎቹን በብራውን ዩኒቨርሲቲ የጆን ሄይ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠ። ኦገስት ደርሌትና ዶናልድ ዋንድሪ ደግሞ ታላላቅ አሳታሚዎች ፊት ቢነሷቸው፣ በ1939 «አርካም ሐውስ» የተባለ ማተሚያ ድርጅት አቋቋሙ። ደርሌት ለቤት መሥሪያ ከተበደረው ገንዘብ ከፊሉን ለዚሁ አዋለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ 1,268 ቅጂ ታትሞ፣ ዋጋው 5 ዶላር፣ ተሸጦ ለማለቅ አራት ዓመት ያህል ወሰደበት።

እዚህ ላይ ግን ምስጋናው ሳይቀር አንድ ወቀሳ መነሣት አለበት። ደርሌት ከላቭክራፍት የቀሩትን ቁርጥራጭ ማስታወሻዎች በራሱ እጅ አስፋፍቶ፣ የሁለቱንም ስም በሽፋኑ ላይ አውጥቶ አሳተመ። በ1945 የወጣው «በደጃፉ ላይ ያደባው» አብዛኛው ቃሉ የደርሌት ነው። ከዚህም የባሰው፣ ክፉ አማልክትን የሚቃወሙ ደጋግ አማልክትን አስገብቶ መጽናኛ በሌለው ዓለም ውስጥ መጽናኛ መትከሉ ነው። ጨለማውን ከጥፋት ያዳነው ሰው ራሱ ሻማ አበራበት። የካታሎግ ካርዱን አምኖ መጽሐፉን የተዋሰ አንባቢም የማንን ድርሰት እንዳነበበ ሳያውቅ ይመልሳል። ነገሩ የተስተካከለው የእጅ ጽሑፎቹ ስለ ነበሩ ነው። ኤስ. ቲ. ጆሺ የተባለ ሊቅ የታተመውን ከእጅ ጽሑፉ ጋር አመሳክሮ፣ ያው አርካም ሐውስ ከ1984 እስከ 1986 የታረመውን ንባብ በሦስት ጥራዝ አወጣ። ባርሎ ያንን አደራ ለቤተ መጻሕፍቱ ባያስረክብ ኖሮ ጆሺ የሚያመሳክርበት ምንጭ እጅግ ባነሰ ነበር።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ የሚገጥም ሌላ ጨለማም አለ፤ እርሱ ግን የጥበብ አይደለም። ላቭክራፍት ጥቁሮችንና ስደተኞችን ይጠላ ነበር። ጥላቻው በደብዳቤዎቹ ብቻ ሳይወሰን፣ በ1927 ብሩክሊንን መቼት አድርጎ በወጣው «የሬድ ሁክ አስፈሪ ነገር» ውስጥም በግልጽ ይታያል። በዚያ ድርሰት አንድ ጥቁር አንባቢ ራሱን የሚያገኘው ከሚሸሹት ሳይሆን ከሚያስፈሩት ወገን ተመድቦ ነው። አፍሪካዊ አሜሪካዊው ደራሲ ቪክተር ላቫል በ2016 መልስ ሰጠ። ያንኑ ታሪክ ከሃርለም በመጣ ጥቁር ወጣት ዓይን እንደ አዲስ ጻፈውና «የጥቁሩ ቶም እንጉርጉሮ» አለው። መታሰቢያነቱንም፣ ፍቅርና ቅያሜ የተቀላቀለበትን ስሜቱን ሳይሸሽግ፣ ለላቭክራፍት አደረገው።