ሄሊኮፕተርና ተዳፋት፦ የሞን ብላን ታሪክ

ሄሊኮፕተር ለመነሳትና ለማረፍ መንደርደሪያ አያስፈልገውም፤ ደልዳላ መሬት ግን ያስፈልገዋል። ተራራ ላይ በማረፍ ጊዜ ለሚደርሱ አደጋዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በፈረንሳይና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለው ሞን ብላን ነው።

ተዳፋት ላይ ሲያርፍ ቀድሞ መሬት የሚነካው በላይኛው ወገን ያለው የሄሊኮፕተሩ እግር ነው። የታችኛው እግር ገና አየር ላይ ሳለ የላይኛው በድንጋይ ወይም በበረዶ ከተያዘ፣ አካሉ በተያዘው እግር ዙሪያ መገልበጥ ይጀምራል። አብራሪው ደንግጦ ለመነሳት ኃይል ከጨመረ መገልበጡ ይፋጠናል፤ የሚያድነው የክንፎቹን የማንሳት ኃይል ሳይዘገዩ ግን በልስላሴ መቀነስ ነው። የሚሽከረከሩት ክንፎች ጫፍም የላይኛውን ዳገት ሊመታ ይችላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩም የክንፎቹም አቅም ይደክማል። ልል በረዶ ሲሆን ደግሞ የክንፎቹ ነፋስ በረዶውን አስነስቶ አብራሪው ዳገቱን ከሰማዩ እንዳይለይ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በጁን 1955 ዣን ሟን የተባለ አብራሪ ቤል 47 ሄሊኮፕተሩን በሞን ብላን ጫፍ ላይ አሳረፈ። ሙከራው የተሳካው በበጋ ነበር፤ ክረምቱ ሌላ ነገር አሳየ። በ1956 ዲሴምበር መጨረሻ ዣን ቫንሳንዶንና ፍራንሷ አንሪ የተባሉ ሁለት ወጣት ተራራ ወጪዎች በአውሎ ነፋስ ተይዘው 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀሩ። ዝነኛው ተራራ ወጪ ሊዮኔል ቴሬ በጎ ፈቃደኞችን አስከትሎ በእግር ተነሳ፤ ባለሥልጣናቱ ግን ተስፋቸውን በአየር ላይ ጣሉ። ዲሴምበር 31 ቀን ሲኮርስኪ ኤስ 58 ሄሊኮፕተር ሁለት አብራሪዎችንና ሁለት አዳኞችን ይዞ ወጣቶቹ አጠገብ ለማረፍ ሲሞክር፣ ክንፎቹ ባስነሱት በረዶ ታውሮ ተከሰከሰ። አራቱም በሕይወት ተረፉ። ወጣቶቹን በወደቀው ሄሊኮፕተር ውስጥ አስጠልለው ራሳቸው ወደ ቫሎ መጠለያ ወጡ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1957 አሉዌት 2 ሄሊኮፕተሮች አዳኞቹን አወረዱ፤ የቫንሳንዶንና የአንሪ አስከሬን ግን የወረደው በማርች ነው።

ሐዘኑ በፈረንሳይ ብርቱ ክርክር አስነሳ። እስከዚያ ጊዜ በተራራ ላይ ነፍስ ማዳን በአመዛኙ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነበር፤ ከ1958 ጀምሮ መንግሥት ሥራውን በደንብ አዋቀረው፤ በሞን ብላን ግርጌ ባለችው በሻሞኒ ከተማም ልዩ የዣንዳርሜሪ (የወታደራዊ ፖሊስ) ክፍል ተቋቋመ። መሣሪያውም ተለወጠ። ኤስ 58 በፒስተን ሞተር ይሠራ ነበር፤ አሉዌት 2 ግን ቀላል ሆኖ በጋዝ ተርባይን ስለሚበር ከፍታን ይበልጥ ይቋቋማል። ተከታዩ አሉዌት 3 በ1960 ሰባት ሰዎችን ይዞ ሞን ብላን ጫፍ ላይ አርፎ ተነሳ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በአሠራሩ ነው። አብራሪዎች በተዳፋት ላይ ሙሉ በሙሉ ከማረፍ ይልቅ አንዱን እግር ብቻ አስነክተው፣ የሄሊኮፕተሩን ክብደት በክንፎቹ ላይ እንደያዙ ሰው ማውጣትና ማስገባት ተለማመዱ። ያም በማይቻልበት ስፍራ አዳኙ በገመድ ይወርዳል።

የሂማላያ ሁለት ክንውኖች ይህ አሠራር የደረሰበትን ከፍታ ያሳያሉ። ሜይ 14 ቀን 2005 ዲዲዬ ዴልሳል የተባለ አብራሪ በሄሊኮፕተሩ የኤቨረስትን ጫፍ ነክቶ 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቆየ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። በ2010 ደግሞ ከስዊዘርላንድ የመጡ አዳኞች በአናፑርና ተራራ 7000 ሜትር ገደማ ላይ የቀሩ ሦስት ተራራ ወጪዎችን ምንም ሳያርፉ፣ ከሄሊኮፕተር በተንጠለጠለ ረጅም ገመድ አንድ በአንድ አወረዱ።